ሊቀ ዳይስ ጩማ እና ያልተናገረችው ጽጌሬዳ

ሁለት ሰዎች ሉዶ ሊጫወቱ በተቀመጡበት ቦታ ሁሉ አንድ ሦስተኛ ሰው በላያቸው ቆሟል፤ እሱም ደንብ አስከባሪ ነው። አይጫወትም። የጋበዘውም የለም። ነገር ግን ዳይሷ ጠርዝ ላይ ተንጋዳ ስትቆም «አይቆጠርም» የሚለው፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ተስማምተው ሊያልፉት ቢፈልጉ እንኳ «እኔ እያየሁማ አይሆንም» ብሎ የሚያስደግማቸው እሱ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይታጣም። የእኛ ትምህርት ቤት ደንብ አስከባሪ ግን የሁሉም አለቃ ስለሆነ በሙሉ ማዕረጉ እጠራዋለሁ፤ ሊቀ ዳይስ መምህር ጩማ።

ጩማ ሒሳብ ያስተምራል። የሚኖረው ሻንቶ ስለሆነ ወደ ሶዶ በሚኒባስ ይመላለሳል። አንድ ጠዋት ረዳቱ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ላይ አራተኛ ሲጭን ጩማ ተቃወመ፤ ረዳቱም ካልተመቸህ ውረድ አለው። ወረደ። የቀረውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ሲደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። ርእሰ መምህሩ አዝነው ሊያልፉት ሲሉ እሱ ራሱ መዝገቡን ስቦ በስሙ ትይዩ «ቀሪ» ብሎ ጻፈበት።

እኔ ያሬድ እባላለሁ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። የሠራተኞች የድራማ ክበባችንን ተውኔቶች ለአሥራ አንድ ዓመት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በየዓመቱ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ሶዶ ላይ በሚካሄደው ውድድር እንካፈላለን፤ በየዓመቱም «ለተሳትፎ» የሚል ወረቀት ይዘን እንመለሳለን። ጥፋቱ የዳኞቹ እንደሆነ ከልቤ አምን ነበር።

ሊቀ ዳይስ ክበቡን የተቀላቀለ ዕለት አዲሱን ድርሰቴን አነበብኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ጠመኔ አነሣና የጀግናዬን ባሕርያት ሰሌዳው ላይ ደረደረ፤ ጉልበት አሥራ ስምንት፣ ዕውቀት አሥራ ስምንት፣ ንግግር አሥራ ስምንት። በእሱ አቆጣጠር ከአሥራ ስምንት በላይ የለም። ዞር ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ።

«መምህር ያሬድ፣ ይህ ሰው ምን ጎድሎት ነው ቲያትር ውስጥ የገባው?»

ክበቡ በሙሉ ሳቀ። እኔም በግማሽ አፌ ሳቅሁ።

ይህን ሰውን በቁጥር የመለካት ዘዴ ያመጣው ሐዋሳ ለሥልጠና በሄደ ጊዜ ነው። ያረፈበት ቤት ውስጥ ወጣቶች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየወረወሩ ሰው ሲፈጥሩ፣ የፈጠሩትንም ሰው ሆነው ታሪክ ሲያወሩ አየ። ሲመለስ ከሦስት ሉዶ ሦስት ዳይስ ሰበሰበ፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ደግሞ ማዕዘኗን አይጥ የቀመሳት። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጤና፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ንግግር አለው። ለእያንዳንዱ ሦስቱ ዳይሶች በጣሳ ይናጡና ይደፋሉ፤ ድምሩ ከሦስት እስከ አሥራ ስምንት ይሆናል። ጣሳውን ገልጦ የሚያነበው ጩማ ብቻ ነው፤ በእሱ ዓይን የሚጠራጠር ማን አለ? ከዚያ የምትመኘውን ሰው ሳይሆን ዳይሱ የሰጠህን ሰው ትጽፋለህ። እስቲ አንዴ እንድገመው ያለ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «የወጣው ወጥቷል።»

ወሬው ጩማ የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጠርተው ቁማር ጀመርክ ወይ አሉት። ጩማ ገንዘብ እንደሌለበት አስረዳ፤ ሐዋርያትም ዕጣ መጣላቸውን አስታወሰ፤ በመጨረሻም ለምሳሌ እንዲሆናቸው አንድ ሰው ወረወረላቸው። የሰውየው ጤና ሦስት ሆኖ ሲወጣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንጸልይለት» አሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የከለከለው የለም።

ሌላ ቀን ደግሞ ቀይዋ ዳይስ ተስፈንጥራ ከመጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ሥር ገባች። እጅ የነካት ዳይስ አትቆጠርም፤ ስለዚህ ስድስት ባለ ዲግሪዎች ወለሉ ላይ በሆዳችን ተኝተን በስልክ መብራት ቁጥሯን አነበብን። ተማሪዎች በመስኮት ያዩን ነበር። የዚያን ሰሞን ክፍል ስገባ ጸጥታ ለማስከበር ትንሽ ተቸግሬያለሁ።

አሁን ስለ አስካለች ልንገራችሁ። አስካለች የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ የቤሌ ከተማ ልጅ፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ። በአሥራ አንዱም ተውኔቶቼ ውስጥ እናት ሆናለች። ሁለተኛው ገቢር ላይ ትገባለች፣ ልጄን ልጄን ብላ ታለቅሳለች፣ ትወጣለች። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ዝውውሯ ተፈቀደ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሃላሌ ከተማ ልትሠራ ነውና መጪው ጊፋታ ከእኛ ጋር የመጨረሻዋ ነበር። ነሐሴ ላይ ለዝግጅት ስንሰበሰብ፣ «አንድ ጊዜ እንኳ ሳላለቅስ ከመድረክ ልውረድ» አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ጩማ ወረወረላት። ጽጌሬዳ የምትባል የገጠር ሴት ወጣች፤ ጉልበት አሥራ ሰባት፣ ቅልጥፍና ስምንት፣ ጤና አሥራ አራት፣ ዕውቀት አሥራ አንድ፣ ማስተዋል አሥራ አምስት። ንግግር ብቻ ቀረ። ጣሳውን ገለጠና ለሁላችንም አሳየን፤ ሦስቱም ዳይሶች አንድ አንድ። ድምሩ ሦስት፣ ከዚያ በታች የለም።

የተውኔቱ ታሪክ ቀላል ነው። ጎረቤቷ የድንበሩን ድንጋይ ወደ እሷ ማሳ አስገፍቶ እንሰቷን ወስዶባታል፤ እሷም አቤት ብላ ሽማግሌዎች ፊት ትቆማለች። ለዚያች ሰዓት እኔ ሁለት ገጽ ንግግር አስቀድሜ ጽፌ ነበር፤ በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ። ንግግሯ ሦስት የሆነ ሴት ግን ሁለት ገጽ ቀርቶ ሁለት መስመር አትናገርም። የባሰው ደግሞ፣ የውድድሩ ዋና ዳኛ አቶ ዱባለ በላኩልን የነጥብ መስጫ ላይ ለንግግር ጥራት ከመቶው ሃያ ተመድቧል። ዋና ተዋናይቷ ዝም ካለች ከሃያው ምን ይደርሰናል? ጩማን ለመንነው፣ ተቆጣነው፣ ሻይ ጋበዝነው። የወጣው ወጥቷል።

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ሰው እስኪወጣ ቆይቼ፣ ጩማ የጽጌሬዳን ቁጥሮች በመዘገበበት ወረቀት ላይ ከንግግሯ 3 በፊት 1 ጨመርኩ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ጩማ ወረቀቱን አየት አደረገና እስክሪብቶ አወጣ። ድምሩ ስልሳ ስምንት ነው አለ። የሒሳብ መምህር መሆኑን ረስቼ፣ ከታች የተጻፈውን ድምር ሳልነካው ቀርቼ ኖሯል። የጨመርኳትን 1 ሰርዞ ፈረመባት፤ ማን እንዳደረገው አልጠየቀም። ሁለት ገጼን በዚያው ዕለት ቀደድኩ።

ታዲያ ጽጌሬዳ ካልተናገረች ምን ታድርግ? ስንጨቃጨቅ ቆይተን መልሱን ያመጣችው አስካለች ናት።

«ጉልበት አሥራ ሰባት ተሰጥቶኝ ለምንድነው የምናገረው?» አለች። «ድንጋዩን አነሣዋለሁ።»

ከካርቶን ድንጋይ ሠርተን አመድ ቀባነው። በልምምዱ ላይ ስታነሣው ሁላችንም ሳቅን፤ የዳቦ ቅርጫት የተሸከመች ነው የምትመስለው። አስካለች አልሳቀችም። የውድድሩ ቀን አዳራሹ በር ላይ አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ከኋላ ወንበሩ ላይ ብቻውን እንደ ተሳፋሪ የተቀመጠው አስካለች ያስመጣችው እውነተኛ ድንጋይ ነበር። እኔና የስፖርት መምህሩ ተሻገር ተጋግዘን መድረክ ላይ እስክናደርሰው ወገባችን ተቆረጠ። አስካለችን አንድ ነገር ትሆኛለሽ፣ ይቅርብሽ አልናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

ተውኔቱ ተጀመረ፤ ጎረቤቱን የሚጫወተው ተሻገር ነው። በከተማው ብረት በማንሣት የሚታወቀው ሰው ዳይሱ ጉልበት አምስት፣ ንግግር አሥራ ስድስት ሰጥቶት ከርሟል። ንግግሩን አሳመረው። ድንጋዩ አያቱ ከተከሉት ጀምሮ ንቅንቅ እንዳላለ፣ የሰው ክንድም እንደማያነሣው ምሎ ተናገረ፤ ሽማግሌዎቹንም እስቲ ሞክሩት አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሦስት ሆነን ጎንበስ አልን፣ ገፋን፣ ተውነው። ትወና አልነበረም።

አስካለች ቀስ ብላ መጣች። ድንጋዩን አንዴ ዞረችው። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አቀፈችውና ተነሣች፤ ድንጋዩም አብሯት ተነሣ። የአንገቷ ሥር ተገትሮ ሰባት እርምጃ ሄደች፤ እርምጃዎቹን ቆጥሬያለሁ። ድሮ ድንበሩ የነበረበት ቦታ ስትደርስ አስቀመጠችውና በላዩ ላይ ቁጭ አለች። ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«ይኸው ተነሣ» አለች።

እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። ሰዎች ወንበር ላይ ቆሙ። አንዲት የማላውቃት ሴት እያለቀሰች መድረኩ ላይ ወጥታ አስካለችን ሳመቻት። እኔ ሽማግሌነቴን ረስቼ ዘለልኩ፤ የጥጥ ጢሜም ወደቀ።

አቶ ዱባለ ውጤቱን አነበቡ። ለንግግር ከሃያ ሰባት ሰጡን፤ ለሁለት ቃል ሰባትም ብዙ ነው ብለው አሳቁ። ከቀረው ሰማንያ ግን ሰባ ስድስት አገኘን። ሰማንያ ሦስት፤ ሁለተኛ የወጡት ሰማንያ አንድ። አንደኛ! አስካለች ደግሞ በስሟ የምርጥ ተዋናይት ምስክር ወረቀት ተሰጣት። ሃላሌ ስትሄድ በመስታወት አሠርታ ይዛው ሄደች፤ አዲሱ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ባለጉዳይ ሁሉ ይጠይቀኛል ብላ ደውላ ነግራኛለች፤ ስትነግረኝ ድምፅዋ የሃያ ዓመት ልጅ ይመስል ነበር።

በዚህ ሁሉ ፌሽታ መሐል ጩማ አንድ ጊዜም አልሳቀም። ጥቅምት ላይ፣ አስካለችን በሸኘን ሰሞን፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወሰደኝ።

«ጉልበቷ ዘጠኝ ነበር» አለኝ።

አልገባኝም፤ አስረዳኝ። ጣሳውን ሲገልጥ ሦስቱም ዳይሶች ሦስት ሦስት ነበሩ። ግን ክረምት መግቢያ ላይ ቢሮ ሲቀየር፣ እኛ አራት ወንዶች የብረቱ ፋይል ማስቀመጫ በበሩ እንዴት እንደሚወጣ ስንከራከር፣ አስካለች ቦርሳዋን አስቀምጣ ብቻዋን አውጥታው ወደ ጽሕፈቷ ስትመለስ አይቷታል። እኔ እዚያው ቆሜ አላየሁም። ያንን እያሰበ ዘጠኝ ብሎ ማንበብ አቃተውና አሥራ ሰባት ብሎ አነበበ። የንግግሩ ሦስት ግን እውነት ነው ብሎ ቶሎ ጨመረ።

እኔ ስሰርቅ ለራሴ ሁለት ገጽ ስል ነበር የሰረቅኩት፤ እሱ ስምንት ነጥብ የሰረቀው ለአስካለች ነው። ይህን ግትር ሰው የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም። እሱ ግን ከኪሱ ደብዳቤ አወጣ። ለውድድሩ ኮሚቴ የተጻፈ ነው፤ ጥፋቱን ዘርዝሮ ሽልማቱ ሁሉ እንዲሰረዝ ይጠይቃል። ሁሉ ሲል የአስካለችንም ማለቱ ነው። በውድድሩ ደንብ ውስጥ ስለ ዳይስ አንድም ቃል እንደሌለ ነገርኩት። «በእኔ ደንብ ውስጥ አለ» አለኝ። ከዚያ፣ አፍ የፈታው በወላይትኛ ስለሆነና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፍ ሁልጊዜ ለእኔ ስለሚያሳይ፣ አማርኛውን አርመህ ስጠኝና ልላከው ብሎ እጄ ላይ ተወው።

አንድ ገጽ ተኩል ነው። አንድም ስሕተት የለበትም። አሁን ጥር ገብቷል። ሰኞ ሰኞ ደረሰልኝ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ አንድ አንቀጽ ቀርቶኛል እለዋለሁ። አንድ ገጽ ተኩል ለማረም ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከእሱ የተሻለ ማስላት የሚችል ሰው ወላይታ ውስጥ የለም።

«ጥሩ፣ አትቸኩል» ይለኝና ወደ ክፍሉ ይገባል።