በሬ በማታዞር መሬት ላይ የበቀለው ዋርካ

ዋርካ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ «ማን ተከለው?» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። እኔ ግን ዋርካ ከዘር አብቅያለሁ። ለጽድቅ ብዬ አይደለም፣ በእልህ ነው።

ከታላቅ ወንድሜ ከአያ እንግዳ ጋር ዳንግላ አጠገብ አባታችን በተወልን መሬት ተጣላን። በምን? በሬ በማታዞር የድንበር ቁራሽ! እናታችን «እስክትታረቁ ከሁለታችሁም ቤት እህል አልቀምስም» ብላ አዲስ ቅዳም እህቷ ዘንድ ሄደች። ሁለት ፋሲካ ያለ እሷ ዋለ። እናት የሌለችበት የዶሮ ወጥ ይጣፍጣል? አይጣፍጥም።

ሽማግሌዎች የዕርቅ ቀን ቆረጡልን። እኛ ዘንድ የሚታረቁት ዋርካ ሥር ነው። ታዲያ ቀኑ ሳይደርስ ያን ያረጀ ዋርካ ነፋስ ገነደሰው። አያ እንግዳም «አባቶቼ ከዋርካ ሥር ሌላ የት ታርቀው ያውቃሉ?» ብሎ ሽማግሌዎቹን እምቢ አለ። አያ እንግዳ የምሩን ሲቆጣ በአገውኛ ነው፤ ያን ዕለት አንዲት ቃል አማርኛ አልወጣውም። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ «ዋርካ ከሆነ የቸገረህ አበቅልልሃለሁ!» አልኩ። የት? እዚያችው የተጣላንባት ቁራሽ ላይ ነዋ!

ከወደቀው ዋርካ የበሰለ ፍሬ ለቅሜ፣ መሬቱን ቆፍሬ፣ እንደ ባቄላ ቀበርኩት። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ። ሰው ሕልም ፈርቶ ሳይተኛ አያድርም ይባላል፤ እኔ ሳልተኛም አልም ጀመር። ቅርንጫፉ ሰማዩን ሲሸፍን፣ ወፍ ሲንጫጫበት፣ እናቴ ጥላው ሥር ጥጥ ስትፈትል ይታየኛል። እንዝርቷ ሲሾር ሁሉ ይሰማኛል። ዓይኔን ስገልጥ ባዶ አፈር! እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ የእኔ ዋርካ ግን ከእንቁላልም ባሰ።

ወር ሲሞላኝ ከማዶ ሲያየኝ የከረመው አያ እንግዳ አልቻለም። «አንተ! ወፍ ዘር ስትቀብር አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ ጮኸ። በሁለት ዓመት ለእኔ የወረወረው የመጀመሪያ ቃል ነው። እሱ ራሱ የተሰበረ ገንቦ ይዞ መጣ፣ አፈር ሞላበት፣ ከለቀምኩት የተረፈውን ፍሬ አሽቶ ያን ትቢያ የሚያህል ዘር ከላይ ነሰነሰው። አፈር አላለበሰውም። ጠዋት ጠዋት ውሃ እያርከፈከፈ ይሄዳል። አንድ ቀን ከምስር ያነሰች ቅጠል ብቅ አለች። አልዋሽም፣ አለቀስኩ። እሱም ፊቱን አዞረ።

ክረምት ሲገባ ቁራሿ ላይ አዛወርናት። እኔ አጥር አጠርኩ፣ እሱ ፍየል ያባርራል። ችግኟ ጉልበት ላይ ስትደርስ አባ ይርጋ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ በዚያ ሲያልፉ ከአንድ እጅ ቆሎ ስንቆረጥም አገኙን።

«ለመታረቅ ምን ቀራችሁ?» አሉ።

«ጥላ እስኪኖራት ነው፣ አባ» አለ ወንድሜ።

አባ ይርጋ ዘንጋቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ጥላዋ ውስጥ አንዲት ጉንዳን ቆማለች። «ይቺ አርፋበታለች እኮ! ለእናንተ ምን አነሳችሁ?» አሉን። ተሳሳምን። ለፋሲካ እናታችን መጣች፤ ከሁለታችንም ቤት በላች።

ያቺ ችግኝ ዛሬ ድንበሩን ውጣ፣ ከእኔም ከእሱም ማሳ ቆርሳ፣ ስድስት ጥማድ የሚያዞር መሬት ይዛለች። ጥላ ያረፈበት አይዘራም፣ ማንም አልከሰሳትም። አሁን ሽማግሌዎቹ እኛ ነን። በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾች ሲመጡ ከሥሯ አስቀምጠን «ሰው ለዚህች ቁራሽ ወንድሙን ይጣላል?» ብለን እንገሥጻለን። ደግነቱ፣ ዋርካውን ማን ተከለው ብሎ የሚጠይቅ የለም።