«ትንሽ ነው የቀረኝ» የምትለዋ ታንዳዚሌ

ትምህርቷን የማትጨርስ ተማሪ የሌለችበት ሰፈር የለም። አለ የምትሉ ካላችሁ የኛን፣ የደቡብ አፍሪካዋን የደርባኗን እናውሳችሁ።

ክብርት እጩ ዶክተር ታንዳዚሌ፣ ኮሮና በያዘው ሰው ደም ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቫይረሱን እስከ መቼ እንደሚያስታውሱት ታጠናለች። ከእሷ በኋላ የገቡት ጋውን ለብሰው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ፎቶውንም ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። እሷን መቼ ትመረቂያለሽ ሲሏት መልሷ አንድ ነው፦

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ለጥናቷ ደም የምትቀዳው ከሰው ክንድ ነውና፣ ሰው ስታይ ክንዱን እንጂ ፊቱን አታይም። የአክስቷ ልጅ ሲያገባ ሙሽራውን እቅፍ አድርጋ፣ «እንኳን ደስ አለህ! ኮሮና ይዞህ ያውቃል?» አለችው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ እጅጌው ረጅም ነው። አጎቷ በጥሎሽ ድርድር ላይ «ዶክተር ከሆነች የምትከፍሉን ከብት ይጨመራል» ስላሉ፣ የእጮኛዋ አባት ባገኟት ቁጥር «ምን ያስቸኩልሻል ልጄ? ቀስ ብለሽ ተማሪ» ይሏታል።

እኔ የቤተ ሙከራው መዝገብ ያዥ ነኝ። የደም ብልቃጥ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ ሥርዓት ነው፣ የማስከብረውም እኔ ነኝ። አንዱ ቁጥር ግን የማን እንደሆነ አይጠፋኝም። ባለቤቴ ቬሊሌ ሊሞት ሰሞን ሆስፒታል ተኝቶ ክንዱን ሰጥቷታል።

«ስትጨርሺ ትመልሺልኛለሽ» ብሎ ቀለደባት።

«ትንሽ ነው የቀረኝ፣ አባባ።»

ባለፈው ሐምሌ መብራት በተራ ሲጠፋ ጄኔሬተራችንም አብሮ እምቢ አለ። ማቀዝቀዣው መሞቅ ጀመረ። የነበረን ደረቅ በረዶ ለአንድ ሣጥን ብቻ የሚበቃ ነው። በአንዱ መደርደሪያ ታንዳዚሌ ዓመታት ደክማ ያራባቻቸው ሕዋሳት አሉ፤ በሌላው የሰዎቹ ደም። ቬሊሌም እዚያ ነው። ያለው ሥርዓት ተመራማሪው የራሱን ሥራ ራሱ መርጦ ያውጣ ይላል። የማስከብረውም እኔ ነኝ።

ታንዳዚሌ ደሙን ሣጥኑ ውስጥ ትደረድር ጀመር።

«ያንቺስ?» አልኳት።

«የኔን እንደገና አራባዋለሁ፣ ማዱቤ።» በአክብሮት በአባቴ ቤት ስም ነው የምትጠራኝ። «እነዚህን ሰዎች ግን የት አግኝቼ ነው ድጋሚ ክንዳችሁን ስጡኝ የምላቸው?» ቀና ብላ አየችኝ። «ቆመው ያዩኛል እንዴ? ክዳኑን ይያዙልኝ እንጂ!»

ክዳኑን ያዝኩላት።

ሕዋሳቷ አለቁ፣ ምረቃው ተገፋ፣ የእጮኛዋ አባት ፊታቸው ፈካ።

ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሴት ከኋላዬ ጠጋ ብላ፣ «ያቺ ልጅ ዛሬም አልጨረሰችም?» አለችኝ፤ ሳቋን አፍና።

ከታንዳዚሌ ጎን ነበር የተቀመጥኩት። እጅጌዬ አጭር ነው።

«ትንሽ ነው የቀራት» አልኳት።