ጋሽ እንግዳወርቅና ባሕር የሌላት ላኦስ

ለንደን ውስጥ ሁለት ሐበሾች አንድ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ ጥቂት ፌርማታ ሳያልፉ አንደኛው ረግጦት የማያውቀውን አገር ለሌላው ማስተዋወቅ ይጀምራል። ይህ የማይቀር ነገር ነው። አንዱ ካናዳን ያስተዋውቃል፤ የአክስቱ ልጅ እዚያ ስላለች። ሌላው አውስትራሊያን ያስተዋውቃል፤ ሊሄድ አስቦ ስለቀረ። እኔ የማወራው ግን ስለ እነዚህ ተራ አስተዋዋቂዎች አይደለም። ስለ ንጉሣቸው ነው።

ክቡር ጋሽ እንግዳወርቅን የማያውቅ የሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ሐበሻ በዚያ ዘመን አልነበረም። ከረባታቸው ከአንገታቸው የማይወርድ፣ ሲራመዱ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ፣ መሐል ከተማ ካለ አንድ የቢሮ ሕንፃ በር ላይ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ወደ ሕንፃው የሚገባውን እንግዳ "ከየት ነህ?" ይሉታል። "ከፓራጓይ" ካለ አለቀለት። ሊፍቱ መጥቶ ይሄዳል፣ ሌላው መጥቶ ይሄዳል፣ ሰውየው ቆሞ የገዛ አገሩን ይተዋወቃል። አጀማመራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ከወሰኗ እንጀምር።"

"ጋሼ፣ ሄደው ያውቃሉ?" ብሎ የሚጠይቅ ደፋር አልፎ አልፎ ይገኛል። እሳቸው አይቆጡም። "የሄደ ሰው የሚያውቀው የሄደበትን መንገድ ብቻ ነው" ይሉና ወደ ወንዞቹ ያልፋሉ።

ከአገሮች ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ባሕር የሌላቸውን ነበር። ቦሊቪያን፣ ኔፓልን፣ ቻድን ሲጠሩ የሐዘን ቤት ደርሰው የመጡ ይመስላሉ። "እኔ ስወጣ ባሕር ነበረን" ይሉና ወደ በሩ ያያሉ፤ ምድጃ ላይ ድስት ጥዶ እንደወጣ ሰው።

እኔን ያገኙኝ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ለንደን በገባሁ ሰሞን ነው። ቤታቸው ላይኛው ፎቅ ያለችውን ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ድምፄ ከከንፈሬ የማያልፍ ዓይን አፋር ስለነበርኩ፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳዬ ክሮይደን ወዳለው መሥሪያ ቤት ስጠራ "ብቻሽንማ አትሄጂም፣ ኪዲ" ብለው ተከተሉኝ። ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን የተቀመጠው ወጣት ሞንጎሊያዊ ሆኖ ተገኘ። ምስኪን! ከወሰኗ ጀምረው እስከ በረሃዋ አስተዋወቁት።

"ባሕር እንደሌለን አውቃለሁ ጌታዬ" አለ ወጣቱ በመጨረሻ፣ በትሕትና።

"አይዞህ" አሉት ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ "እኛም ያጣነው ሰሞኑን ነው።"

ቤቱ ውስጥ እሳቸውና ጽጌ የምትባል አንዲት ልጃቸው ነበሩ። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻ ቀርተዋል። ጽጌ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነበረች፤ ሰው ከወደቀ በኋላ መልሶ እንዲራመድ ታስተምራለች። ለንደን ያደገች ልጅ ስለሆነች አማርኛዋ መንገድ ላይ ይደክመውና እንግሊዝኛው ላይ ይሳፈራል።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ እንዲህ አለች፦ "አባዬ፣ ጆብ አግኝቻለሁ። ላኦስ። በድሮ ጦርነት የተቀበረ ቦምብ እየፈነዳ እግራቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። አርቴፊሻል እግር ሲገጠምላቸው መራመድ ላስተምራቸው ነው። ሁለት ዓመት ብቻ።"

እኔ ሹካዬን እያየሁ ጠበቅሁ። ጋሽ እንግዳወርቅ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

"ላኦስ" አሉ። "ከወሰኗ እንጀምር። በሰሜን ቻይና፣ በምሥራቅ ቬትናም፣ በደቡብ ካምቦዲያ፣ በምዕራብ ታይላንድና በርማ። አምስት ጎረቤት፣ ባሕር ግን የለም! በዚያ ቀጣና ያሉት ሁሉ ባሕር ሲደርሳቸው እሷ ብቻ ቀረች። ዋና ከተማዋ ቪየንቲያን። ሙሉ ስሟስ? የላኦስ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ!" እዚህ ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ። "ሰማሽ ጽጌ? እኔ ይህንን ስም ከነቀይ ባንዲራው ጥዬ፣ አንቺን ታቅፌ ነው የወጣሁት። አሁን አንቺ ዞረሽ ስሙ ውስጥ ልትገቢ ነው?"

"ዳድ፣ ስም ብቻ እኮ ነው።"

"ስም ብቻ! ኪዲ፣ ሰማሻት? ለዚህ ስም ስንት ሰልፍ እንደወጣን አታውቅማ።"

"አትሄጂም" አላሉም። የሠለጠኑ ሰው ስለሆኑ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩም። ማስተዋወቁን ብቻ አላቋረጡም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጽጌ አባቷ ሳይመርቋት የትም ሄዳ አታውቅም። በትምህርት ቤት ሽርሽር ፓሪስ ስትሄድ እንኳ አውቶቡሱ በር ላይ አጎንብሳ፣ እሳቸው እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው፣ ፈረንጁ አስተማሪዋ ሰዓቱን እያየ ነው የተመረቀችው። እናቷ ከሞተች በኋላማ ያለ ምርቃት መሄድ ማለት ለጽጌ በሩን ክፍት ትቶ እንደመውጣት ሆነ። ጋሽ እንግዳወርቅ ይህን አሳምረው ያውቁታል። ካልመረቁ አትሄድም። ወሬያቸው ካላለቀ ደግሞ ምርቃት አይጀመርም።

"አባዬ፣ መርቀኛ" ትላለች፣ ቅዳሜ።

"ቆይ እንጂ፣ ገና ተራሮቿ ላይ ነን።"

"አባዬ፣ እንግዲህ መርቀኝ" ትላለች፣ በሳምንቱ።

"የዝናቧን ነገር ሳትሰሚ? ሜኮንግ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ ሳታውቂ?"

እውነት ለመናገር በላኦስ ዝናብ እኛ ቤት ውስጥ በሰበስን። ስለ ወባዋ፣ ስለ እባቧ፣ ስለ ገደሏ፣ ከመሬት ሥር ስላሉት ያልፈነዱ ቦምቦች ሰማን። ቡና እንደምታበቅል ያወቁ ዕለት ግን ተናደዱ፤ ስለ ላኦስ ጥሩ ነገር መናገር አልፈለጉም ነበር። ሥራውን የሰጣት ላኦስ ያለው ማዕከል በበኩሉ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ቁርጡን ካላሳወቀች ሌላ ሰው እንደሚወስድ ለጽጌ ነገራት። ያን ሰሞን ሻንጣዋን ደረጃው ሥር አውጥታ አስቀመጠችው። ጋሽ እንግዳወርቅ ሲያልፉ ሻንጣው ያልታያቸው ለመምሰል ኮርኒሱን ያያሉ።

አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ወይዘሮ ጌጤነሽ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ከጋሽ እንግዳወርቅ ጋር በሃይማኖት ይከራከራሉ፣ በጎመን ይስማማሉ። አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ "ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ልጅቷን ይመርቁና ይልቀቋት እንጂ! አገር ሲያስተዋውቁ ልታረጅብዎት ነው" አሏቸው።

"ለመሆኑ ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ ላኦስ የት እንዳለች ያውቃሉ?"

"እኔ የማውቀው ጌታ እዚያም እንዳለ ነው!"

"እሱማ የትም አለ። የኔ ልጅ ግን አንድ ቦታ ብቻ ናት።"

ወይዘሮ ጌጤነሽ ያሰጡትን ሰብስበው ገቡ። ያጠቡትን ልብስ መልሰው አጠቡት።

ሚያዝያ መጣ። የላኦ ሰዎች አዲስ ዓመታቸውን የሚያከብሩት በዚያ ወር ነው። ጽጌን ቋንቋውን ታስተምራት የነበረች አንዲት ላኦ ሴት ክላፋም ባለ አዳራሽ ውስጥ በሚደረገው በዓል ላይ ጠራቻት። ጽጌ ደግሞ እኔንና አባቷን ጎተተችን። ጋሽ እንግዳወርቅ ባቡር ውስጥ ለአንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ላኦስን አስተዋወቁ፤ በስፋት ብሪታንያን እንደምታክል ሲነግሯት ሴትዮዋ የተሰደበች መሰላት።

አዳራሹ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ረዥም የሐር ሽርጥ ታጥቀዋል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ምግቡ በእጅ እየተድቦለቦለ የሚበላ ሩዝ ነው። ጋሽ እንግዳወርቅ ይህን አይተው "እህ" አሉ። ገና ወንበር ሳንይዝ አንዲት በጣም ያረጁ እናት የብር ጎድጓዳ ሳሕን ይዘው መጡ። በሳሕኑ ውስጥ አበባ የተነከረበት ውሃ አለ። ለአዲሱ ዓመት እንደ መልካም ምኞት ሰው ትከሻ ላይ ጠብ የሚያደርጉት ነው። አሮጊቷ ፈገግ ብለው ጥቂት ውሃ የጋሽ እንግዳወርቅ ትከሻ ላይ አፈሰሱ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ደነገጡ። ቀጥሎም ውሃ በእናት እጅ ሲፈስበት የኖረ የኦርቶዶክስ ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ። ጫማቸውን አወለቁ። ከረባታቸውን ፈቱ። "በስመ አብ" ብለው አጎነበሱና ራሳቸውን ለውሃው ሰጡ። ይህም ሳይበቃ እጃቸውን አጣምረው ዘረጉ፣ የተንቆረቆረላቸውን ተቀብለው ጠጡት።

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያቸው። ያንን ውሃ ማንም ሰው ጠጥቶት አያውቅም።

አሮጊቷ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። እንዲህ ያለ ሰው ከየት መጣ ብለው ይመስለኛል፣ ሳሕኑን እንዳለ ገለበጡባቸው። ሌሎቹም ሳሕን ሳሕናቸውን እያነሡ መጡ። ጽጌ "ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ! ጸበል አይደለም!" ብላ ትጮሃለች። እሳቸው ከውሃው ሥር ሆነው፣ "ዝም በይ፣ በሰው ጸበል አይገባም!" ይሏታል። በኋላ ስንጠይቃቸው፣ ትንሽ ሽቶ ሽቶ ከማለቱ በቀር ጥሩ ጸበል መሆኑን መሰከሩ።

ልብሳቸው እየተንጠባጠበ ምንጣፍ ላይ ካስቀመጧቸው በኋላ፣ አሮጊቷ እጃቸውን ይዘው አንጓቸው ላይ ነጭ ክር አሰሩላቸው፤ እያሰሩም በለሆሳስ ብዙ ተናገሩ። የጽጌ አስተማሪ አስረዳችን። ሰው ሲጨነቅ፣ ወይም ሩቅ መንገድ ሲያስብ፣ ካሉት ብዙ ነፍሶች አንዳንዶቹ ይርቁታል ይላሉ። ክሩ እነሱን መጥሪያ ነው፤ የሚታሰረውም ከምርቃት ጋር ነው።

አሮጊቷ ሌላ ክር አንሥተው ለጋሽ እንግዳወርቅ ዘረጉላቸው። አስተማሪዋ ተረጎመች፦ "ልጅህ ወደ አገራችን እንደምትሄድ ሰማሁ። የእሷን የሚያስረው አባቷ ነው።"

ጋሽ እንግዳወርቅ ክሩን ተቀበሉ። ጽጌ ተንበረከከችና እጇን ዘረጋች። የላኦ ሰዎች እንደ ልማዳቸው አንዱ የሌላውን ክንድ እየነካ ከበቡን፤ የእኔንም ክንድ አንድ የማላውቀው ሰው ነካኝ። ጋሽ እንግዳወርቅ አፋቸውን ሲከፍቱ ጽጌ ዓይኗን ጨፈነች። ወሰኑ ሊመጣ ነው ብላ ነበር።

"አምስቱ ጎረቤቶቿ በሰላም ያሳድሩሽ" አሉ።

"አሜን" አልን እኔና ጽጌ። ድምፄ ከከንፈሬ አልፎ መሄዱን ራሴ ሰማሁት።

"ሜኮንግ አይሙላብሽ። ዝናቡ እህል ያብቅልልሽ እንጂ ጎርፍ አይሁንብሽ።"

"አሜን።"

"ገደሉ ሜዳ ይሁንልሽ። እባቡም ትንኙም ቤትሽን ይጣው።"

"አሜን" አሉ አሁን ልጆቹም። ነገሩ የገባቸው መሰለኝ።

"ሕዝባዊውም፣ ዲሞክራሲያዊውም፣ ሪፐብሊኩም እንደ ዓይኑ ብሌን ይይሽ።"

"አሜን!" አለ አዳራሹ።

"መሬት የዋጠችው ክፉ ብረት እግርሽ ሲያልፍ ይተኛ። ያስነሣሻቸው አይውደቁ፤ ያስሄድሻቸው ይድረሱ።" ክሩን መቋጠር ጀመሩ። አሮጊቷ ጫፉን ያዙላቸው። "ሄደሽ አትቅሪብኝ" አሉ በመጨረሻ፤ እሱን የሰማነው ቅርብ ያለነው ብቻ ነን።

ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ሲያስተዋውቁን የነበረው አገሩን አልነበረም። በልጃቸው ላይ ሊደርስ የሚችለውን ክፉ ነገር አንድ በአንድ እያነሡ፣ የትኛውንም ሳይዘሉ፣ መመረቂያ እያበጁ ነበር።

ጽጌ በግንቦት ሄደች። እኔም ያቺን ክፍል ከለቀቅሁ ዓመታት አልፈዋል። ለንደን ውስጥ ከዚያ የሞቀ ክፍል፣ ከዚያ የሰፋ መስኮት አግኝቻለሁ። ሆኖም እሑድ እኩለ ቀን ሲሆን ጆሮዬ ያንን ደረጃ ይፈልጋል። በዚያ ሰዓት ላኦስ ይመሻል፤ ጽጌም ያኔ ትደውል ነበር። ጋሽ እንግዳወርቅ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ቪየንቲያንን ለጽጌ ሊያስተዋውቋት ሞክረው ነበር፤ አልቆየም። አንድ ቀን ከላይ ስወርድ፣ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ። ስለ አገር ጠየቁ።

"ሲመሽ ወንዙ ምን ይሸታል?"

ጽጌ ማውራት ጀመረች። ስለ ጭቃው፣ ዳር ላይ ስለሚጠበሰው ዓሣ፣ አዲሱን እግሩን ገጥሞ ወንዙ ድረስ በራሱ ስለተራመደ አንድ ሽማግሌ ነገረቻቸው። ረዥም ነበር። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ እንግዳወርቅ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ስልኩን ያዩታል፤ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም።

"አባዬ? አለህ?"

"አለሁ" አሉ። "ቀጥዪ።"