ቴፕ የበላው ካሴት፣ ዘፈን የበላው ወንበር

ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ወንበር መስጠት ለፍየል ጃንጥላ እንደ መስጠት ነው። ፍየል ጃንጥላ አትጠለልበትም፣ ትበላዋለች። ሙዚቃ ወዳድም ወንበር አይቀመጥበትም፣ ይቆምበታል! ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የምነግራችሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የያዝኳት ፊደል ለእድር መዝገብ ከበቃችኝ ተመስገን ነው። በዓይኔ አይቼ ነው። በእግሬም ጭምር... እሱን ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

እዚህ አዳማ የሰፈራችን እድር ንብረት ክፍል እኔ፣ በላቸው፣ ነኝ። ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ መቶ ሃያው የፕላስቲክ ወንበርም በኔ ቁልፍ ስር ናቸው። በእያንዳንዱ ወንበር ጀርባ በቀይ ቀለም ቁጥር የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጠባያቸውን እንደ ልጆቼ አውቀዋለሁ። ሰማንያ ሦስት ታነክሳለች። አሥራ አራት እግሯ ላይ ስንጥቅ ስላለባት ሁልጊዜ ከክምሩ ስር ነው የምትውለው። ቁጥር አንድ የኔ ናት፤ ሌላ ሰው አይቀመጥባትም፣ ይህን የማያውቅ አባል የለም።

ሕግም አውጥቻለሁ። የእድር ወንበር የሰበረ አባል ሦስት ወር ሙሉ ስብሰባውንም ለቅሶውንም ቆሞ ይታደማል። ሕጌ መጀመሪያ የያዘችው ማንን መሰላችሁ? ጓደኛዬን ኦቦ ገመቹን። ገመቹ ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው። ሲቀመጥ የወንበሩን የፊት እግሮች ብድግ አድርጎ ወደ ኋላ መወዛወዝ ይወዳል። አንድ ቀን ሲወዛወዝ ቋ አለ፤ አቆምኩት። ሰው መጥቶ ጉልበቱን ያመዋልና ማረው ቢለኝ፣ ጉልበቱን ማሰብ የነበረበት ወንበሩን ከመስበሩ በፊት ነው ብዬ መለስኩ። ሦስቱን ወር ከፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል ጨረሰ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ያስፈራል።

ታዲያ በቅርቡ ሃዊ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። የምታስተዳድረው ባንድ አላት። ባንዱ የራሱ ዘፈን የለውም፤ የሚጫወተው የካሴት ዘመኑን ዘፋኝ የታምሩ ጎፈሬን ብቻ ነው። እንደሱ ይለብሳሉ፣ እንደሱ ይንጎራደዳሉ። ታምሩ ጎፈሬን የማታውቁ ካላችሁ እናታችሁን ጠይቁ፤ ካፈረች ታውቀዋለች ማለት ነው። ትርኢት የሚያቀርቡበት አዳራሽ ወንበር ስላነሰው የእድራችንን ልትዋስ ነው የመጣችው። እኔ እምቢ አልኩ። ወንበሮቻችን ሐዘን ላይ ያደጉ ናቸው፣ ጭፈራ አያውቁም አልኩ። የእድሩ ዳኛ ግን ሳቀና ፈቀደላት።

"እንግዲያው አብሬያቸው እሄዳለሁ" አልኩ።

"ቢሰበርስ?" አለ ዳኛው።

"የውጭ ሰው ከሰበረ ሃዊ ትተካለች። አባል ከሰበረ ሕጉ አለ። ሰባሪውን ሳልይዝ ብመጣ ግን ቋሚው እኔ ነኝ።"

ይህን እንዳልኩ ገመቹ ከጥግ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም ሊመጣ እንደሚፈልግ፣ ሙዚቃ በጣም እንደሚወድ ተናገረ። አርባ ዓመት ሳውቀው ሙዚቃ ሲወድ አይቼው አላውቅም!

እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ከሞጆ የመጣ አለ፣ ከአርሲ ነገሌ የመጣ አለ፣ ከአቦምሳ ድረስ የመጣ አለ። ሙቀቱን አትጠይቁኝ፤ የአዳማ ፀሐይም ትኬት ቆርጣ የገባች ነው የሚመስለው። አሥራ አራትን ከምሰሶ ጀርባ ደበቅኋት። ቁጥር አንድን መተላለፊያው ጫፍ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ገመቹ አጠገቤ ቆመ። እንዲቀመጥ ወንበር ባሳየው፣

"አይ በላቸው፣ መቆም አስለምደኸኛል" አለኝ።

ዘፋኙ ወጣ። ከራሱ የሚተልቅ ሰው ሠራሽ ጎፈሬ ደፍቷል፤ የሱሪው እግር መድረኩን ይጠርጋል። በመጀመሪያው ዘፈን ሕዝቡ ተነሣ። በሁለተኛው ወንበር ላይ ወጣ። እኔም ከዘራዬን ይዤ በየረድፉ ገባሁ። በአማርኛ ተቀመጡ፣ በኦሮምኛ ታኣ፣ አልሰማ ያለውን በከዘራ ቁርጭምጭሚቱን... ቸስ። ሃያ ሁለትን ሳስለቅቅ ሃያ ሦስት ላይ ሁለት ሰው ይወጣል። ወጣቶቹ የትርኢቱ አካል መስዬያቸው በስልክ ይቀርጹኝ ጀመር። አንዷ እንዲያውም ከከዘራዬ ጋር ትከሻ መታች።

ወደ ምሰሶው ጀርባ ብመለከት ምን ባይ ጥሩ ነው? አንዲት ግዙፍ ሴትዮ፣ እግዜር ቁመትም ወርድም ሳይሰስት የሰጣቸው፣ አሥራ አራት ላይ ቆመው ይውረገረጋሉ!

"እትዬ፣ ይውረዱ እባክዎ፣ ወንበሯ ታማለች" አልኳቸው።

"ጋሼ፣ እኔም ታምሜያለሁ" አሉኝ ሳያቋርጡ። "ይህን ዘፈን ሠላሳ ዓመት ጠብቄዋለሁ።"

ምን ትላላችሁ? ከዘራዬን አንጠልጥዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። እዚያ ሳለሁ ነው ያቺ ዘፈን የጀመረችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በካሴት ዘመን በከተማችን የታምሩን ካሴት የሚገለብጥ አንድ ሙዚቃ ቤት ብቻ ነበር። ዋናውን ካሴት "መንገዱ ረዘመ" የሚለው ላይ ቴፑ በልቶበታል። ከሱ የተገለበጠው ሁሉ እዚያ ቦታ ሲደርስ "መንገዱ ረ... ዎ... ዎ... ዎ... ዘመ" ይላል። መላው አዳማ የገዛው ያንን ነው። እኔ ከአርሲ ነገሌ ሞጆ በጭነት መኪና እህል ሳመላልስ ዓመታት ሙሉ የሰማሁት ያንን ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሻይ ቤት ውስጥ ያልተበላውን ሲያጫውቱ ሰምቼ፣ ይህ አስመሳይ ነው፣ ታምሩ እንዲህ አይዘፍንም ብዬ ከባለቤቱ ጋር ልደባደብ ነበር!

መድረኩ ላይ ያለው ልጅ ካሴት ከሞተ በኋላ የተወለደ ነው። ቀጥ አድርጎ ቢዘፍነው ማን ይፈርድበታል? "መንገዱ" አለ።  እኔም ከወንበሬ ወደ ፊት ተንጠራራሁ።

"...ረ... ዎ... ዎ... ዎ... ዘመ!"

ጊታሩ ሳይቀር አብሮ ተበላ! ለካ ልጁም ያጠናው ከአባቱ ካሴት ነው። አዳራሹ በአንድ አፍ ዎ ዎ ዎ አለ። አጠገቤ ያለ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ማይኩ ተበላሸ እንዴ እያለ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔም በደንብ አላውቀውም። የማስታውሰው የሰው አናት ማየቴን ነው። መላጣ አየሁ፣ ሹሩባ አየሁ፣ የዘፋኙን ጎፈሬ ከላይ አየሁ። የሁሉም ሰው አናት ለምን ይታየኛል ብዬ ሳስብ... ለካ ቁጥር አንድ ላይ ቆሜያለሁ! ከዘራዬን ሽቅብ ዘርግቼ ሦስተኛዋ ዎ ላይ ደርሻለሁ።

ቋ!

ገመቹ ብብቴን ይዞ አነሣኝ። አቧራዬን አራገፈልኝ።

"ተጎዳህ?"

"ደህና ነኝ።"

"እሷስ?" አለ ቁልቁል ወደ ቁጥር አንድ እያየ። ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን እግር አነሣና በኮቱ ኪስ ከተተው።

በማግስቱ ወንበሮቹን መልሼ ቆጠርኩ። ሰማንያ ሦስት እያነከሰች ገባች። አሥራ አራት እንኳ፣ ያን ሁሉ ውርግርግ ተሸክማ፣ በሰላም ገባች! የጎደለችው አንዷ ብቻ ናት።

በወሩ ስብሰባ ዳኛው ማን ሰበረ ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአቦምሳ የመጣ አንድ ወጣት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ማን ያየዋል? ያ ሁሉ ሕዝብ! ይሄኔ ከጥግ በቀስታ ዜማ ተሰማ። ገመቹ ጣራውን እያየ፣ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ያንጎራጉራል። ረ... ዎ... ዎ... ዎ...

"ሰባሪው ተይዟል" አልኩ።

"ማነው?"

"የያዘውም የሰበረውም አንድ ሰው ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይሁን! የራሱን ሕግ የፈራ ሰው ሕግ አያውጣ። የሦስት ወር ቅጣቴን ጀምሬያለሁ፤ ግድግዳ ተደግፌ እንኳ አልቆምም።

ገመቹ ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ሆን ብሎ ከፊቴ ተቀመጠ። እግሩን አነባበረ፣ እንደ ልማዱም ወደ ኋላ ተለጠጠ። የወንበሩን ጀርባ ባይ... በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጄ የጻፍኳት አሥራ አራት ቁጥር!

መናገር ይገባኝ ነበር፤ ንብረት ክፍል አይደለሁ? ግን ተቀጥቶ የቆመ ሰው በስብሰባ መሀል መናገር አይፈቀድለትም፤ ይህንንም ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እናም ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩና ያቺን ዘፈን በቀስታ አንጎራጎርኩለት። ረ... ዎ... ዎ...

የገመቹ ትከሻ መወዛወዝ ጀመረ፤ አሥራ አራትም አብራው።