ጋሼ ማሳሰቢያ

ከሁለት ፎቅ በላይ የሆነ ሕንፃ ሁሉ ግድግዳ ላይ ወረቀት የሚለጥፍ አንድ ሰው አለው። ይህን የምለው አጥንቼ አይደለም፤ ተከራይቼ ነው። አምስት ሕንፃ ውስጥ ኖሬአለሁ። መብራት የሌለው ደረጃ አይቻለሁ፣ ውሃ የማይወጣበት ፎቅ አይቻለሁ፣ ዋና በሩ የተነቀለ ሕንፃም አይቻለሁ። «እባክዎ በሩን ቀስ ብለው ይዝጉ» የሚል ወረቀት የሌለበት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በሩ የተነቀለው ሕንፃ እንኳ ነበረው።

የኛ ሕንፃ ሰው ግን ከሁሉም ይለያሉ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከኔ ወለል ሥር ይኖራሉ። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ያረፉባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ከከተማው ማዶ የምትኖር ሰው ናቸው። የሕንፃው ሰው ከጀርባቸው «ጋሼ ማሳሰቢያ» ይላቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይህን ስም የሰሙት አይመስለኝም። ሰምተውም ከሆነ የሆነ ቦታ መዝግበው ይዘውታል። ባለፈው ወር እኚህን ሰው ለጥቂት ልናጣቸው ነበር። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ነገሩን ከኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

ሌላ ሰው ወረቀት ሲለጥፍ «ቆሻሻ አትጣሉ» ብሎ ይበቃዋል። ክቡርነታቸው ግን ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ እጃቸው አይደለም። ቀን ያለው፣ ቁጥር ያለው፣ ጉዳይና ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ነው የሚጽፉት፤ በሰማያዊ ቀለም፣ በማስመሪያ እያሰመሩ፣ በካርቦን አንድ ቅጂ አስቀርተው። ግርጌው ላይ ሁልጊዜ «ተነግሯል፤ አልሰማሁም አይባልም» ይላል።

አንዴ እንዲህ ብለው ለጠፉ፦ «ጉዳዩ፦ የዋናውን በር አዘጋግ ይመለከታል። ባለፈው ሳምንት በሩ አርባ ሦስት ጊዜ በኃይል ተዘግቷል። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙ የአንድ ሰው እጅ ነው። ግለሰቡ ራሱን ያውቃል።» ከዚያ ቀን ወዲህ የአሥራ ሁለቱም ቤት ሰው በሩን እንደ እንቁላል እየያዘ መዝጋት ጀመረ። ሁሉም በየልቡ ግለሰቡ እኔ ነኝ ብሎ አምኗል። እኔም አምኛለሁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ካሰጣሁት ልብስ መሐል አንድ ካልሲ ነፋስ ወስዶብኝ ነበር። ማምሻውን ስገባ ተለጥፏል። «ጉዳዩ፦ የወደቀ ንብረት። አንድ እግር ካልሲ፣ ቀለሙ ግራጫ፣ ተረከዙ ላይ የተቀደደ። ባለንብረቱ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ።» ለካልሲ ምን ማስረጃ አለው? ሌላኛውን እግር ይዤ ወረድኩ። ተቀብለው ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያዩ፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ፣ ይኸኛውም ተቀዷል፣ ይመሳሰላሉ ብለው አስፈርመው አስረከቡኝ። ሁለት ሰዎች በአንድ የተቀደደ ካልሲ ርክክብ ላይ እንዲህ ተከባብረው አያውቁም።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለዱ ጊዜ የለጠፉትን ደግሞ ስሙ። «ጉዳዩ፦ የሕፃን ልቅሶ። አዲሷ ነዋሪያችን በእንቅልፍ ሰዓት ታለቅሳለች። መብቷ ስለሆነ ነዋሪዎች እስከ ስድስት ወር እንዲታገሡ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። ግልባጭ፦ ለሕፃኗ።» እናትየዋ ወረቀቱን ነቅላ ከልጇ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጣዋለች።

ታዲያ ሰው በማሳሰቢያ የሚስቀው በሌላው ላይ እስከተለጠፈ ድረስ ነው። እኔ የጋዜጣ ዓምድ ጸሐፊ ነኝ። በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ይጠበቅብኛል፤ መነሻው ሲጠፋኝ ደግሞ እንጎራደዳለሁ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ሰው ተሰብስቦ ያነባል። ተጠጋሁ። «ጉዳዩ፦ በአራተኛ ፎቅ ስለሚደረግ መንጎራደድ። በአራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጸሐፊ ሐሳብ ሲጠፋባቸው ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳሉ። በትናንትናው ዕለት ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ሐሳቡ ስለመገኘቱ የታወቀ ነገር የለም። ወደፊት ሐሳብ ከመፈለጋቸው በፊት ጫማቸውን እንዲያወልቁ።»

አፈር ልብላ! ጥበቃው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚለኝ ጫማዬን አይቶ ሆነ። ምድር ቤት ፀጉር ቤት ያላት ጎረቤታችን፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢም እሷው ናት፣ ሳልፍ ባየችኝ ቁጥር ሐሳብ ተገኘ ወይ ትለኛለች፤ ደንበኞቿም ከመስተዋቱ ውስጥ ይስቃሉ። ሚስቴማ ነጠላ ጫማ ገዝታ መጥታ አልጋው ሥር አስቀመጠችልኝ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔ ደግሞ እስክሪብቶ ነበረኝ። ሦስት ገጽ ስሞታ ጻፍኩ። ሕንፃው መኖሪያ ነው እንጂ ቢሮ አይደለም አልኩ። ክብራችን በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አልኩ። ጽፌ ሳበቃ ለሰብሳቢዋ ወሰድኩላት። እሷም ፀጉር ውኃ ማውረጃውን ይደፍናል ተብሎ ሁለት ጊዜ ስለተለጠፈባት ደስ ብሏታል፤ ነገር ግን መተዳደሪያ ደንባችን ለኮሚቴ የሚቀርብ ማመልከቻ ሁሉ አስቀድሞ ገቢ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት ይላል። መዝገቡ የት ነው? ሦስተኛ ፎቅ። ያዡ ማን ናቸው? ደንቡን የጻፉት ሰውዬ።

እንግዲህ በሳቸው ላይ የጻፍኩትን ክስ ለሳቸው ላስመዘግብ በራቸውን አንኳኳሁ። ተቀብለው ቁጥር ሰጡት፣ መቀበያ ቆርጠው ሰጡኝ፣ ቆመውም ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ።

«ቀን የለውም» አሉ። ቀጥለውም «ሁለተኛው ገጽ ላይ ማሳሰቢያ ቁጥር አርባ አንድ ያልከው አርባ ሰባት ነው። ማስረጃም አላያያዝክም። እንዲህ ካቀረብከው ይወድቅብሃል» አሉኝ።

ገቡና ካስቀሩት የማሳሰቢያ ቅጂ ሰባቱን ይዘው ወጡ። በየተራው እያስያዙ አባሪ አደረጉልኝ። ስሞታዬ በኮሚቴው ፊት የረታው በኔ ብዕር እንዳይመስላችሁ፤ በሳቸው ማስረጃ ነው።

ስብሰባው እሑድ በፀጉር ቤቱ ውስጥ ተደረገ። ወንበር ስላልበቃ ግማሾቻችን ፀጉር ማድረቂያው ሥር ጭንቅላታችንን ዝቅ አድርገን ተቀምጠናል። ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ ሲባል የሁላችንም ዓይን ወደሳቸው ሄደ፤ ከሳቸው የተሻለ የእጅ ጽሑፍ ያለው ሰው የለማ። ያዙ። «ከዛሬ ጀምሮ በሕንፃው ውስጥ ማሳሰቢያ እንዳይለጠፍ» ተባለና እጅ አወጣን። እሳቸውም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው እጃቸውን አወጡ። ከዚያ «በሙሉ ድምፅ» ብለው ጻፉ። ያን ጊዜ አንዳችን እንኳ ቀና ብሎ ፊታቸውን ያየ የለም። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።

የመጀመሪያው ሳምንት ነጻነት ነው የሆነው። ጫማዬን አድርጌ እንደ ልቤ ተንጎራደድኩ። በሁለተኛው ሳምንት በሩ እንደ ድሮው በኃይል ይዘጋ ጀመር፤ ግለሰቡ ራሱን ረስቷል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ራሴን በሳሙና አረፋ ሸፍኜ ሳለሁ ቧንቧው ጭርር ብሎ ቀረ። ዓይኔን ገልጬ ማየት አልችልም፣ ጨፍኜ መውጣትም አልችልም። ፎጣ አገልድሜ ወደ ደረጃው ብወጣ ከታች ጩኸት ይሰማል። ፀጉር ሠሪዋ ሁለት ደንበኞች ቀለም ቀብታ አስቀምጣለች፤ ቀለሙ በሰዓቱ ካልታጠበ ፀጉሩን ይዞት ነው የሚሄደው። ጥበቃውን ብታፋጥጠው ታንከሩ እየታጠበ መሆኑን፣ እስከ ማታም ውሃ እንደማይኖር ነገራት። ለማን ነበር የተናገርከው ብትለው ሰኞ ዕለት ለጋሼ ነግሬአለሁ አለ።

እኔ ከነአረፋዬ፣ እሷ ከነጓንቷ ሦስተኛ ፎቅ በር ላይ ተገናኘን። ጋሼ ማሳሰቢያ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ከፈቱልን። እንደምናውቀው ተረጋግተዋል። አዎ፣ ሰኞ ሰምተዋል። ማሳሰቢያውንም ጽፈውታል፤ ከፋይሉ አውጥተው አሳዩን፣ ቁጥርና ቀን ሳይቀር አለው። ታዲያ ለምን አልለጠፉትም ስንል ውሳኔው አይፈቅድም አሉ። እሺ በቃል አይነግሩንም ነበር ብትላቸው በየሰዉ በር እየዞሩ ወሬ መንገር የሳቸው ሙያ አለመሆኑን አስረዷት።

ልንቆጣ አፋችንን ስንከፍት በሩን ሰፋ አድርገው ወደ ውስጥ አሳዩን። ከመተላለፊያው ጫፍ እስከ ጫፍ ጀሪካን ተደርድሯል። አሥራ ሁለት። ሁሉም በውሃ ሞልቶ፣ በያንዳንዱ አንገት ላይ የፎቅና የቤት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በክር ታስሯል። ከሰኞ ጀምሮ ብቻቸውን ሲሞሉ ከርመዋል። መለጠፍ ነው እንጂ መቅዳት አልተከለከለም አሉን።

የኔን አንስቼ ልወጣ ስል ከጀሪካኖቹ ኋላ በሲባጎ የታሰሩ ካርቶኖች አየሁ። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ቅዳሜ ልጃቸው መኪና ይዛ መጥታ ወደሷ ቤት ልትወስዳቸው ነው። ቤቱን እንደሚለቁም ለአከራያቸው ነግረዋል።

«እዚያ ብቻህን ምን ትሠራለህ አለችኝ» አሉ። «መልስ አጣሁላት።»

አረፋው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር። እሱ ነው ብዬ ወጣሁ።

ፀጉር ሠሪዋ አንዷን ደንበኛዋን አተረፈቻት፤ አንዷ ግን እንደ ጡብ ቀልታ ሄደች። ማታውን ከሳቸው በቀር ሁላችንም ባዶ ጀሪካን ይዘን ፀጉር ቤት ተሰበሰብን፤ ባዶውን ሊመልስ የደፈረ አልነበረም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አለች ሰብሳቢዋ፣ እኔን እያየች። ይገባኛል። ውሳኔው እንዲነሣ እጅ አወጣን፤ አሥራ አንዱም ቤት። ዓርብ ጠዋት እኔና እሷ ይህንኑ ልንነግራቸው ወጣን። ሰሙን። በጽሑፍ የታገደ ነገር በቃል እንደማይነሣ አስረድተው በትሕትና ሸኙን።

ወደ ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ብዙ ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ ደብዳቤ የከበደኝ የለም። ቀን ጻፍኩ። ጉዳዩን ጻፍኩ። «በሕንፃው ነዋሪዎች የተላለፈው እገዳ ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል። ስለሆነም በጀመሩት ሥራ እንዲቀጥሉና ቅዳሜ ዕለት ከሕንፃው እንዳይሄዱ እንጠይቃለን።» ሁሉንም ነዋሪ አስፈርሜ፣ ሰብሳቢዋን አስከትዬ ወረድኩ።

ቆመው አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት።

«እገዳው የተነሣበት ይገባኛል» አሉ። «እንዳይሄዱ ያልከው ግን ምክንያት የለውም። ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«ስለምንወድዎት ነው» አልኩ።

ይህን ቃል ለአባቴ እንኳ ብዬው አላውቅም። ከኋላዬ ፀጉር ሠሪዋ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ፋይል ውስጥ ያልገባ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በካርቶኖቹ መሐል ሹልክ ብለው ስልካቸውን አነሡና፣ እኛ በሩ ላይ እንደቆምን፣ ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ ነገ አትምጪ» አሏት። እሷ ምን ሆንክ ሳትላቸው አልቀረችም። «ደኅና ነኝ» አሉ፣ ክራቫታቸውን በአንድ እጃቸው እያስተካከሉ። «ሥራ ገብቼ ነው።»