መትረየስ ያልተጠመደባት ካሚዮን

ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገው አይታወቅም። አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ጫት ይቅማል። ሐጂ አወሌ ግን ቡሎን ያጸዱ ነበር። ሳቅህ አይደል? እኔም ስቄያለሁ። ሐርጌሳ ላይ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በመድፍ በሚነጋገርበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ ሰው የዛገ ቡሎን በናፍጣ ነክረው በጥርስ ብሩሽ ሲፈትጉ ብታይ ምን ትላለህ?

እኔ እዚያ እንዴት ደረስኩ? ላሳጥርልህ። በአገሬ የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበርኩ። መንግሥት ሲገለበጥ አለቆቼ ወደ አንድ በኩል ሲሮጡ እኔ ወደ ሌላው ሮጥኩ። ቆም ብዬ ሳይ ሐርጌሳ ነኝ። ዳሚ ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይቼ የመጣውን ሁሉ እጠግን ጀመር። ያኔ መኪና መጠገን ማለት ደግሞ ምን ማለት መሰለህ? ጣሪያውን ቆርጦ መትረየስ ማጥመድ ነው! ባለፈው ሳምንት ሙሽራ የጫነውን መኪና በዚህኛው ሳምንት ጥይት ታጥቆ ታገኘዋለህ። የዳቦ ቤት ፒካፕ እንኳ አልተረፈም።

ሐጂ አወሌ የመጡልኝ በዚህ መሀል ነው። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል።

"ተሾመ፣ አንዲት ታማሚ አለችኝ፤ መጥተህ እያት" አሉኝ።

ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ወዳለው ግቢያቸው ወሰዱኝ። ጥግ ላይ፣ የፈረሰ ግንብ ሥር፣ ከእንግሊዝ ጊዜ የቀረች የጦር ካሚዮን ተኝታለች። ጎማዋ ተበልቷል፤ ሞተሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። አባታቸው ለእንግሊዝ ጦር ሾፌር ሆነው የነዷት እሷን ነው።

"ምን ሊጭኑባት ነው?" አልኳቸው።

"ምንም። እንደ ድሮዋ እንድትሆንልኝ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አያታለሁ።"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሺ አልኩ። ጉዱን ያየሁት በኋላ ነው። ከሌላ መኪና ያመጣሁትን ካርቡራተር "ይህ የእሷ አይደለም" ብለው አስወለቁኝ። የቡሎኖቹ ራስ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልዞረ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሚስታቸው ኸድራ አንድ ቀን፣ "ለእኔ እንዲህ ተጨንቀህልኝ ብታውቅ አሥር ዓመት ወጣት በሆንኩ ነበር" ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ሐጂ ግን አልሰሙም፤ ካሚዮኗ ሥር ነበሩ።

የእሷን ዓይነት ዕቃ ፍለጋ ዋሄን ገበያ እወርዳለሁ። የተዘረፈ የጦር ጋራዥ በሙሉ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሻጩ የፊት መብራት እያቀበለኝ ምን ልናጠምድባት እንደሆነ ጠየቀኝ። ምንም፣ ለማየት ብቻ ነው አልኩት። ጠቀሰኝ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት አይደል የሚባለው? በሳምንቱ ሐጂ አወሌ ሮኬት አላቸው ተባለ። የሚዋጉት ሁለቱም ወገን ከሩቅ እጅ ይነሳቸው ጀመር። እውነቱን በተናገሩ ቁጥር የሚያምናቸው ጠፋ። በዚያ ዘመን ሮኬት ያለው ሰው ይገባሃል፤ መኪና ወዶ የሚያጥብ ግን ያስፈራል።

በመጨረሻ ዋርሰሜ የሚባል የሚሊሺያ አዛዥ ከሰባት ታጣቂ ጋር መጣ። ሐጂ እንግዳ የመጣላቸው መስሏቸው ተደሰቱ። ከባሌስትራው ጀምረው እስከ ራዲያተሩ አንድ በአንድ አስረዷቸው። አንዱ ታጣቂ ክላሹን ተደግፎ አንቀላፋ። ዋርሰሜ ትዕግሥቱ ሲያልቅ፣ ሥራዋ እንዳለቀ ተመልሶ መጥቶ እንደሚወስዳት ነግሮን ሄደ።

ሐጂ ጎማዋን ተደግፈው ቁጭ አሉና፣

"ካለቀች ነው የሚወስዳት?" አሉኝ።

"እንደዚያ ነው ያለው።"

"እንግዲያው አታልቅም። ፍታት።"

ወንድሜ፣ የገጠምኩትን ስፈታ፣ የፈታሁትን ስገጥም ወራት አለፉ። ዋርሰሜ ሰው በላከ ቁጥር ሞተሯ ሸራ ላይ ተበታትኖ ያገኛል። እኔ እንኳ በሥራ ዘመኔ እንዳልጨርስ ተብሎ ስቀጠር የመጀመሪያዬ ነበር።

ይህን እያልን ሳለ አንድ ጠዋት መድፉ ወደ ሰፈራችን ዞረ። ሦስት ቤት አልፎ ያለው ግቢ ብትን አለ። መንገዱ በሰው ተሞላ፤ መኪና የሚባል ግን የለም፤ ሁሉም መትረየስ ተሸክሞ ዘምቷል። ያለችው አንዲት ካሚዮን ናት፤ እሷም ሸራ ላይ ተዘርግታለች!

ሸራው ላይ ተደፍቼ መግጠም ጀመርኩ። ኸድራ አጠገቤ ተንበርክከው ቡሎን ያቀብሉኛል፤ ለካ ስንት ወር ሲነታረኩ የእያንዳንዷን ቦታ ያውቁታል። ሐጂ "የቡሎኑ ራስ ዞሯል፣ አስተካክል" ሲሉኝ ነው ዕድሜ ልኬን ያልተናገርኩትን የተናገርኳቸው። ይቅር ይበለኝ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አለቀ። የማስነሻ ማኖቬላውን አንዴ፣ ሁለቴ ጠመዘዝኩ። በሦስተኛው አጉረመረመችና ተነሳች።

ጎረቤቱ ፍራሽ፣ ድስት፣ ፍየል ይዞ ተግተለተለ። ሐጂ ከኋላ መዝጊያው ላይ ቆመዋል።

"ጫማ አውልቁ! ወለሉ ትናንት ነው የተቀባው!"

"ሰውዬ፣ መስጊድ አደረግሃት እንዴ?" ኸድራ ጮኹባቸው።

"መስጊድማ ብትሆን ፍየል አላስገባም ነበር!"

ሲከራከሩ ሊመሽብን ነው። ሰዉ አወለቀ። ጫማውን በማዳበሪያ ከረጢት አጭቀን ወንበሬ ሥር ከተትነውና፣ ሐጂን ጎኔ፣ ኸድራን ከሰዉ ጋር ከኋላ አድርገን ወጣን።

ከከተማ ስንወጣ ገመድ በመንገዱ ተወጥሯል። ማን ይጠብቀን? ዋርሰሜ። ካሚዮኗን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ሐጂ፣ አለቀች አይደል?"

መልስም ሳይጠብቅ ሊመርቃት ወደ ኋላዋ ዞረ። ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር፣ አርባ የሚሆን ሰው፣ ሁሉም ባዶ እግሩን ተጨናንቆ ቆሟል። ዋርሰሜ እግር እግራቸውን አየ።

"ምን ሆናችሁ? ጫማችሁስ?"

አንዲት አሮጊት አለቀሱ። "ወሰዱብን፣ ልጄ! ጫማዬን እንኳ አላስቀሩልኝም!" ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ሐጂን መክሰሳቸው ነበር።

"እነማን?"

አሮጊቷ ጣታቸውን ወደ ፊት ሊቀስሩ ሲሉ ኸድራ እጃቸውን ያዙና፣ "ከወዲያኛው ወገን ያሉት ናቸዋ!" አሉ።

ዋርሰሜ ደሙ ፈላ። "ጫማ? የአሮጊት ጫማ? እኛ መኪና እንወስዳለን፣ ቤት እንወስዳለን፤ ጫማ ግን ነክተን አናውቅም! ከእነዚያ ጋር እንዳትቆጥሩን!" ብሎ ገመዱን በገዛ እጁ ፈታ። አንድ ጀሪካን ውሃም ጫነልን። እኔ ወንበሬ ሥር ያለው ከረጢት እንዳይንሸራተት በተረከዜ ወደ ኋላ ገፍቼ ይዤ፣ አላህንም እግዚአብሔርንም ባንድነት እየጠራሁ ነዳሁ።

ድንበሩ ጋ፣ ቶጎ ውጫሌ ስንደርስ ከረጢቱን ዘረገፍነው። ከሞት የተረፈው ሰው ሁሉ በጫማ ተጣላ፤ ግራና ቀኙ እስኪለይ ድረስ አንድ ሰዓት ፈጀ።

እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ከዚህ ነገር የሚወሰድ ምክር ፈለግኩ። ያዳነን ምንድን ነው? ደግነት እንዳልል ስስት ነው። እውነት እንዳልል፣ እውነቱ ጣቱን ሊቀስር ሲል ነው በውሸት የተያዘው። ይህን ለሰው እንዴት ብለህ ታስተምራለህ?

አሮጊቷ ጫማቸውን አግኝተው፣ ቂማቸውንም ረስተው መጡና የሐጂን እጅ ያዙ። አላህ ይህችን ካሚዮን ያሠራህ ለዚህች ቀን ብሎ ነው፣ አሏቸው በሶማሊኛ። ቆሞ የነበረው ሁሉ አሚን አለ። ሐጂም አሚን አሉ፣ በጣም በትሕትና። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ፣

"ለዚህች ቀን መሆኑን ባውቅማ ኖሮ" አሉኝ፣ "ሞተሯን ትቼ ፍሬኗን ብቻ ነበር የማሠራላት።"