ጋሽ ዳኘውና የማርስ ሰፈራ

ጋሽ ዳኘው ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት ሰማዩን ነበር፤ ሰው የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ደጃፋቸው ላይ ቆመው የሬዲዮናቸውን አንቴና እስከ ጫፉ ይመዙና ወደ ጣና ያዞሩታል። ጥቂት ያዳምጣሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ በአጥሩ ላይ አሻግረው፣ «ሰማህ ልጄ? ሳይንስ ደርሶበታል!» ይሉኛል። ምን ላይ እንደ ደረሰ ሳልጠይቅ ወደ ሥራ የሄድሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጠይቄ፣ ገብቶኝ የሄድሁበትም ቀን ትዝ አይለኝም።

በአገራችን ውሃ ያልገባለት ሰፈር አለ፤ መብራት ያልገባለትም ሞልቷል። ሁሉን የሚያውቅ ሰው ያልገባለት ሰፈር ግን የለም። ይህ ሰው ያልተጠየቀውን ይመልሳል፤ የተጠየቀውን ያልፋል። የታመመ ልጅ ሲያይ መድኃኒት ያዛል፤ ብስክሌት ሲጠገን ካየ ለጠጋኙ ሥራውን ያስረዳዋል። ስለ ዝናብ ከገበሬ፣ ስለ ዓሣ ከአጥማጅ ጋር ይከራከራል። ይዘንባል ባለበት ቀን ካልዘነበ ጥፋቱ የዝናቡ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የእኛ ሰፈር ድርሻ ጋሽ ዳኘው ነበሩ። የሚሠሩት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው፤ ሐሳባቸው ግን ምድርን ከለቀቀ ቆይቷል። ደርግ የድሮውን ማዕረግ ሁሉ በሻረበት ዘመን እኔ በልቤ አንድ ማዕረግ ሰጥቻቸው ነበር፤ ደጃዝማች ዘከዋክብት። ደጃዝማች ስለ ጨረቃ ሲያወሩ እዚያ ከርመው የመጡ ይመስላሉ። ማርስንማ የሚያነሷት እንደ ዘመድ መንደር ነው። «አፈሯ ቀይ ነው፤ ልክ እዚህ አጠገባችን እንዳለችው ዘንዘልማ» ይላሉ። «ልዩነቱ፣ ዘንዘልማ ዝናብ አላት።»

አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩትን አቶ አብዱልመጂድን ያዟቸው። አቶ አብዱልመጂድ ታንኳው የሚሠራበትን የደንገል እስር በጉልበታቸው ተጭነው ገመድ ያጠብቁ ነበር።

«ይህች ምድር ወደፊት ለሰው ልጅ አትበቃም» አሉ ደጃዝማች። «ወደ ሌላ ፕላኔት እንሻገራለን።»

«በምን?»

«በመንኮራኩር።»

«አይሰምጥም?»

«ውሃ የለም እኮ! በምን ይሰምጣል?»

«ውሃ ከሌለ ዓሣም የለም በሉኛ።»

«የለም።»

«ደንገልስ?»

«ኧረ አየሩ ራሱ የለም እያልሁዎ!»

አቶ አብዱልመጂድ ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው ሳቡና፣ «ታዲያ ምን ረስታችሁ ነው የምትሄዱት?» አሉ።

ደጃዝማች አልተበገሩም። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ከሐይቁ ወዲያ አያይም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሐይቁ ወዲያ ያለውን ማየት አቅቶኝ ነበር። በዚያ ዓመት ሁሉም ነገር ግራ ያጋባ ነበር። ስብሰባ ላይ ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን እያልን እንጮኻለን፤ ወጥተን ዳቦ ልንገዛ እንሰለፋለን፤ ዳቦው ያልቃል።

በዚያው ሰሞን አገሩ የሚያወራው ስለ ሰፈራ ነበር። ድርቅ ከመታው አካባቢ ሰው በጭነት መኪና እየተጫነ ወደ መተከልና ወደ ሌላም ቆላ ይወሰዳል። አንዳንዱ የሚሄደው በፈቃዱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፈቃደኛ መሆኑን የሚሰማው መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በቀበሌያችን የውይይት ክበብ ነው። የዕለቱ ተናጋሪ ሳይመጣ ቀረ። ሊቀ መንበራችን ጓድ አንዳርጋቸው ተሰብሳቢውን ባዶ እጁን ላለመመለስ ብሎ፣ «እስቲ ጓድ ዳኘው ስለ ሳይንስ ጥቂት ይበሉን» አለ። ለጋሽ ዳኘው ጥቂት ይበሉ ማለት ለዓባይ ጥቂት ውረድ እንደ ማለት ነው። ሕዝብ እንደሚበዛ፣ ደኑ እንደሚሳሳ፣ ሐይቁ እንደሚጎድል ተናገሩ። አሮጊቶች አማተቡ። በመጨረሻም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የሰው ልጅ ማርስ ላይ ይሰፍራል! መጀመሪያ የሚሄዱትም ጤናቸው የተሟላ፣ ሥራ ወዳድ የሆኑ ፈቃደኞች ናቸው!» አሉ።

አዳራሹ ዝም አለ። ጋሽ ዳኘው ዝምታው አድናቆት መሰላቸው። ጓድ አንዳርጋቸው ይህ የመንግሥት አቋም ይሁን የጋሽ ዳኘው መለየት ቸግሮት፣ ለማንኛውም ይሁን ብሎ አጨበጨበ። እሱ ሲያጨበጭብ እኛም አጨበጨብን። ነገሩ በዚሁ ጸደቀ።

በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ ስለ ኮታ ያወራ ነበር። ከላይ የሚወርድ ነገር ሁሉ ከኮታ ጋር ነው የሚወርደው፤ ለሚሊሺያ ኮታ አለ፤ ለመዋጮ ኮታ አለ፤ ማርስ ያለ ኮታ ትመጣለች ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። እስከ ቀትር ድረስ፣ ከየመደዳው ቤት አንድ ቤተሰብ እንደሆነ ታወቀ። ማን እንዳለው ግን አልታወቀም።

በእኛ መደዳ አገርነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቷል፤ እሷ መንገድ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ልጆቿን ታሳድጋለች። ጋሽ ዳኘውን ፋብሪካው አይለቃቸውም፣ እኔንም መሥሪያ ቤቴ አይለቀኝም፤ ስለዚህ የቀረችው እሷ እንደሆነች አሰበች። አስባም ዕቃዋን ማሰር ጀመረች። ልጆቿን ይዛ ዱርቤቴ፣ እናቷ ዘንድ ልትገባ ነው። የቀበሌ ቤት ደግሞ ተከራዩ ጥሎት ከሄደ ለሌላ ይሰጣል። ባሏ ደብዳቤ የሚልከው ወደ ቀበሌው ቤት ነው፤ ከጦር ሜዳ ቢመለስም የሚያውቀው ደጅ እሱን ብቻ ነው።

ይህን ለጋሽ ዳኘው ስነግራቸው ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ሮጡ።

«አገርነሽ፣ ምን ሆነሻል? ይህ እኮ ገና የዛሬ መቶ ዓመት የሚሆን ነው!»

«የእህቴን ባል ወሎ ላይ ገበያ እንደ ወጣ ነው የወሰዱት፣ ጋሼ። ለእሱም ገና ነው ብለውት ነበር።»

«መንኮራኩሩ አልተሠራም እኮ!»

«መኪናውም አልነበረም። ሲፈልጉት መጣ።»

«እዚያ የሚተነፈስ አየር የለም፣ ልጄ!»

«መተከልም ወባ ነው ሲባል ነበር። ማን ቀረ?»

ጋሽ ዳኘው አንድ ማስረጃ ባመጡ ቁጥር እሷ አንድ ቋጠሮ ታስራለች። እኔ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «አላውቅም ይበሏት» አልሁ። ገበያ መካከል ልብስዎን ያውልቁ ያልኋቸው ያህል አዩኝ። ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አገርነሽ፣ እኔ አላውቅም» አሉ። «ግማሹን ከሬዲዮ ሰምቼ ነው። ግማሹን ራሴ ነኝ የጨመርሁበት።»

አገርነሽ ገመዱን ለቀቀች። ነገሩ አለቀ ብዬ ትንፋሽ ስወስድ ፊቷ ተለወጠ።

«እርስዎ ካላወቁማ ምስጢር ነው ማለት ነው!» አለችና ፍራሹን መጠቅለል ጀመረች።

ጋሽ ዳኘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሰማዩን አላዩም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። አገርነሽ ከስብሰባ ቀረች እንዳትባል መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዕቃዋ ማታውን ጋሪ ላይ ተጭኖ እንደሚያድር ነግራኛለች። አጀንዳው ስለ ጽዳት ዘመቻ ነው። ጋሽ ዳኘው እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ለማርስ ሰፈራ ከእኛ መደዳ ፈቃደኛው እኔ ነኝ። የመደዳችን ኮታ በእኔ ሞልቷል። ሌላ ሰው እንዳይጠየቅ።»

ማንም አልሳቀም። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ቀልድ አልነበረም፤ ለቀላል ነገር እጁን አውጥቶ ሩቅ አገር የተገኘ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ጓድ አንዳርጋቸው ግራና ቀኙን አየ። ስለ ማርስ ሰፈራ ከላይ የነገረው የለም፤ የለም ብሎ የነገረውም የለም።

«ዕድሜዎ ገፍቷል እኮ፣ ጓድ ዳኘው።»

«ማርስ ላይ ሰው ይቀልላል። ሳይንስ ደርሶበታል።»

«እንግዲያው ተመዝግቧል» አለ ጓድ አንዳርጋቸው። «ከላይ መመሪያ እስኪመጣ ግን ከከተማው መውጣት አይችሉም። ሲጠሩ መገኘት አለብዎ።»

አጨበጨብን። አገርነሽ ከሁላችንም አስበልጣ አጨበጨበች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በዚያው ምሽት ፍራሹ ተፈትቶ ቦታው ተነጠፈ።

እንዲህ ሆኖ ወደ ማርስ እንዲሄድ የተመዘገበ ሰው ጢስ ዓባይ እንዳይሄድ ተከለከለ። ይህንን የምለው ለጨዋታ አይደለም። የጋሽ ዳኘው እህት ባንቺአየሁ የምትኖረው ጢስ ዓባይ ነው፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ልጇን ትድራለች። ሙሽራይቱን ያሳደጓትም ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው፤ አባቷን አታውቀውም። እንደ አባት ሆነው የሚመርቁት እሳቸው ነበሩ።

«ሄደው አንዳርጋቸውን ያስረዱት» አልኋቸው። «ለአንድ ቀን አይከለክልዎትም።»

«ካስረዳሁት የበላዮቹን ይጠይቃል» አሉ። «ከጠየቀ የማርስ ሰፈራ የሚባል እንደሌለ ይሰማል። የእኔ መመዝገብ ቀልድ ይሆናል። እኔ ቀልድ ከሆንሁ አገርነሽ ማንን ታምናለች? እንደገና ዕቃዋን ታስራለች።»

ለዓመታት በአጥሩ ላይ ሲያስረዱኝ ኖረው፣ ከነገሩኝ ሁሉ የገባኝ ይህ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የገባኝ በግማሽ ነው፤ በሌለ ሰፈራ የሌለ ቦታ የያዘ ሰው ጀግና ይባል ወይስ ሌላ፣ ዛሬም አላውቅም። የሰው ልጅ ከዚህች ምድር የሚሄድበት ቀን ቢመጣ ግን፣ ከእሳቸው አጥር ማዶ የሆነ ቤት እንዲሰጠኝ እለምናለሁ።

ዐርብ ዕለት ለሙሽራይቱ ያዘጋጁትን ጋቢ አጣጥፈው ለእኔና ለአገርነሽ ሰጡን፤ በእሳቸው ፈንታ እንድናደርሰውም ምርቃቱን ቃል በቃል አስጠኑን። ቅዳሜ ማለዳ እኔና አገርነሽ የይለፍ ወረቀታችንን ይዘን፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ወደ ጢስ ዓባይ ሄድን።